የካሳነሽ ድንኳን

ከሆሳዕና ተነስቶ ቁልቁል ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርድ ሰው ልብሱን እያወለቀ ነው የሚወርደው። ጃኬቱን ከተማው ዳር ያወልቃል፤ ሹራቡን ግማሽ መንገድ ላይ፤ ታች ጎሮቤ መንደር ሲደርስ ደግሞ ቆዳውንም የሚያወልቅበት ዘዴ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ለአቶ ማቴዎስ ግን ይህን የነገራቸው አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጣቢያ ኃላፊ ሆነው የተላኩት እኚህ ሰው በዚያ የሰኔ ማለዳ ከነሙሉ ሱፋቸው፣ ከነክራቫታቸው ከሞተር ወረዱ። የታሸገውን የፈተና ከረጢት እንደ አራስ ልጅ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ አንድ ፖሊስ ከኋላ አስከትለው፣ ላባቸውን እያንጠባጠቡ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡ።

ዳይሬክተሯ ማራኪ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተቀበለቻቸው። ማራኪ አርባዎቹን የጀመረች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፍ የጎሮቤ ልጅ ናት። ሆሳዕና ተምራ፣ ሆሳዕና አስተምራ፣ ደህና ቤትና ደህና ሥራ ይዛ ሳለ «ወደ በረሃው ልዛወር» ብላ ያመለከተች ጊዜ ጓደኞቿ «አመማት እንዴ?» ተባብለው ነበር። አላመማትም። በልጅነቷ የተዘጋው የጎሮቤ ስምንተኛ ክፍል እንደገና እንዲከፈት ስለፈለገች ነው። በየቢሮው ደጅ ጠንታ፣ ተሟግታ፣ አንዳንዴም ተሳድባ አስከፈተችው። ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቿ ይፈተናሉ።

«የመፈተኛው ክፍል የት ነው?» አሉ አቶ ማቴዎስ።

«ይኸው፣ ይግቡ።»

ገቡና ቀና አሉ። ከላያቸው ሰማይ ነው። በግንቦት የተነሳው አውሎ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ በሙሉ ከነማገሩ ገንጥሎ የሰው ማሳ ላይ በትኖት ሄዷል። አዲስ ቆርቆሮ ይመጣል ተብሏል፤ ይመጣል የተባለ ነገር ግን ጎሮቤ ድረስ ሲወርድ መንገዱ ይረዝምበታል።

«ዝናብ ቢመጣስ?» አሉ አቶ ማቴዎስ።

ፖሊሱ ሳቅ አመለጠው። ማራኪም «ጎሮቤ ላይ?» አለች። «በልጉ እንኳ ሳይጥል ነው ያለፈው። ከብቶቻችን ውሃ ለመጠጣት ጊቤ ድረስ ነው የሚወርዱት።»

«እንግዲያው ልንገርሽ፣ ዳይሬክተር፤ ቅር እንዳይልሽ። ከረጢቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል። በሰዓቱ ካልተከፈተ እንደታሸገ ይመለሳል። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ ቢበላሽ ወይም ልጆቹ ቢበተኑ ጣቢያው ይሰረዛል። በመጀመሪያ ዓመቱ የተሰረዘ ጣቢያ ለከርሞ አይፈቀድለትም። ልጆቹ ወደ ላይ፣ ወደ ከተማ ወጥተው ይማራሉ ማለት ነው።»

ማራኪ «ወጥተው» የሚለውን ነገር ታውቀዋለች። ከወንዶቹ ጥቂቶቹ ይወጡ ይሆናል። ሴቶቹን ግን ማንም አያወጣቸውም፤ እዚሁ ቀርተው ይዳራሉ።

ልጆቹ በየወንበራቸው ተቀምጠው እርሳስ እየቀረጹ ሳለ ነፋሱ አቅጣጫ ለወጠ። ከዝናቡ በፊት ሽታው መጣ፤ ደረቅ አፈር ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ያ ሽታ። ማራኪ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና ቁልቁል እየተግተለተለ ነው። ከየማሳው ሰው ይጮኻል፤ የደስታ ጩኸት ነው። «መጣ! መጣ!» ይላሉ። እንስራ የሚያወጣ አለ፣ ድስት የሚያወጣ አለ፣ ጄሪካኑን ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚሮጥ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዝናቡን የረገመች እሷ ብቻ ናት። በመርገሟም አፈረች፤ ግን ረገመችው።

አፍንጫዋ ውስጥ የገባው ሽታ ወደ አሥራ አራት ዓመቷ መለሳት።

ያኔ ትምህርት ቤቱ ግድግዳም አልነበረውም። የሚማሩት ትልቁ ሾላ ስር፣ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንከባሎ ባመጣው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ከሁሉም የተመቸ ጠፍጣፋ ድንጋይ የነበራት ጓደኛዋ ሐዳሳ ነበረች፤ ጠጋ ብላ ግማሹን ለማራኪ ትሰጣት ነበር። ሐዳሳን በሒሳብ የሚስተካከላት አልነበረም። መምህር ተክለጊዮርጊስ ጥያቄውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱን ስለምትናገርባቸው «አንቺ ልጅ፣ እስቲ መጀመሪያ ልጻፈው» ይሏት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ መምህሩ ራሳቸው ቆመው ያንጎላጃሉ። አንዱ ልጅ ሊያመልጥ ብድግ ሲል ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተቀመጥ፣ እያየሁህ ነው» ይላሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። ማራኪ በሕይወቷ እንደዚያ ሾላ ስር የሳቀችበት ቦታ የለም።

የሚኒስትሪ ፈተና ቀን ዘነበ። ለወራት ጠፍቶ የከረመው ዝናብ ያችን ጠዋት መርጦ መጣ። መምህር ተክለጊዮርጊስ ኮታቸውን አውልቀው ወረቀት ላይ ጣሉ፤ አንድ ኮት ስንቱን ሊሸፍን? ልጆቹ ወረቀታቸውን ሸሚዛቸው ስር፣ ቀሚሳቸው ስር ሸሸጉት። ወረቀቱ ግን እጃቸው ላይ እንደ ራሰ ቂጣ ተቆራረሰ። ሐዳሳ ግን ጨርሳ ነበር። የጨረሰችውን ወረቀት በሁለት መዳፏ ዘርግታ፣ ውሃው ሲበላው ቆማ ታያለች። አላለቀሰችም። ማራኪን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ያ አለማልቀሷ ነው።

ፈተናው ተሰረዘ፤ ክፍሉም ተዘጋ። መድገም የፈለገ ላይ ከተማ ይውጣ ተባለ። የሐዳሳ አባት «ዝናብ ላበላሸው ሌላ ዓመት አልጨምርም» ብለው በበጋው ዳሯት። የማራኪ እናት ካሳነሽ ግን ሰውም አላማከረች፤ የልጇን የእንጨት ሳጥን ተሸክማ ዳገቱን ተያያዘችው። ሆሳዕና ዘመድ ቤት አስጠግታ፣ እንደገና ስምንተኛ ክፍል አስመዝግባት ተመለሰች። ከዚያ ጉዞ በኋላ ጉልበቷ አብጦ ብዙ ቀን ተኝታለች ይባላል። ራሷን ሰው የጠየቃት እንደሆነ ግን «ምን አለው፣ ደህና መንገድ ነው» ነበር የምትለው።

«ዳይሬክተር! ምን እናድርግ?»

የጮኸው ሲላስ ነው፤ የሒሳብ መምህሩ። ጣቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ሰፊ ነው፣ ቆርቆሮው ጠንካራ ነው፣ ችግሩ ከወንዙ ማዶ መሆኑ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ ከመስከረም ጀምሮ ፍየል የሚተኛበት አሸዋ ነበር። አሁን ላይኛው አገር የዘነበው ደርሶ ድንጋይ እያንከባለለ ያጓራል። የተማሪዎቹ ጎጆ ቤቶች ደግሞ እንኳን ለፈተና ለእንቅልፍም ይጠባሉ።

አቶ ማቴዎስ ሰዓታቸውን አዩ። «ገና ጥቂት ደቂቃ አለኝ» አሉ። ሱፋቸውን አላወለቁም፤ ፊታቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። እሳቸውም ልጆቹን አይተዋል።

ማራኪ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች።

የጎሮቤ እድር ዳኛ የጋሼ ገብርኤል ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ነው። የእድሩ ድንኳንም እሳቸው ጋ ነው የሚቀመጠው፤ ሙሉ ሰፈር የሚያስጠልል ነጭ ሸራ። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን እየጠበቁ ነበር።

«ጋሼ፣ ድንኳኑን ይስጡኝ!»

«ማን ሞተ?» ብለው ብድግ አሉ።

«ማንም አልሞተም። ልጆቹ ሊፈተኑበት ነው።»

ተመልሰው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ይህ ድንኳን ለሞት ብቻ ነው። ለገዛ ልጄ ሰርግ ስንት ሽማግሌ ለምኖኝ እምቢ ያልኩ ሰው ነኝ። ሙሽራው ፀሐይ እየጠበሰው ነው ያገባው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች። ዛሬ ለፈተና ብሰጥ እሷን ምን ልላት ነው?»

ግትርነት ብቻ አይደለም። በጎሮቤ ድንኳን ሲጣል ጠሪ አይላክም። እያንዳንዱ ገመድ ባለቤት አለው፤ የእገሌ ቤት ገመድ ተብሎ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ነጩ ሸራ ከሩቅ የታየው ሰው የያዘውን ጥሎ ይመጣል፣ ገመዱን ይይዛል፣ ካስማውን ይመታል፣ ከዚያ ያለቅሳል። ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቀው እንኳ ገመዱን ከያዘ በኋላ ነው። ድንኳኑ ለሌላ ነገር ከተጣለ ሰው በእውነተኛው ቀን «ፈተና ይሆናል» ብሎ ይቀራል። ጋሼ ገብርኤል የሚፈሩት ይህን ነበር።

ማራኪ ልትከራከር አፏን ከፈተችና ተወችው። ጊዜ የለም። ደግሞም እውነታቸውን ነው። ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ከተናገረችውም በኋላ ከየት እንዳመጣችው ለራሷ ገረማት።

«ጋሼ፣ እኔ የእድሩ አባል ነኝ?»

«ነሽ እንጂ። እናትሽም ነበረች።»

«እናቴ ስትሞት ድንኳን ጣላችሁልኝ?»

ካሳነሽ ሆሳዕና ስትታከም አርፋ እዚያው ነው የተቀበረችው። የጎሮቤ ሰው መኪና ተከራይቶ ሄዶ ቀብሯታል፤ ድንኳኑ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ገመድ ስትይዝ ለኖረች ሴት የጎሮቤ ሰው አንድም ገመድ አልያዘላትም።

«አልጣልንም» አሉ ጋሼ ገብርኤል ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንግዲያው የእናቴን ድንኳን ዛሬ ይጣሉልኝ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ። ከስሩ ማን እንደሚቀመጥ ደግሞ የሐዘንተኛዋ ፈንታ ነው።»

ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ አወጡ። ከዚያ ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። «አንቺ የካሳነሽ ልጅ!» አሉ። «እሷም ሰውን እንዲህ ነበር መውጫ የምታሳጣው። በይ ነይ፣ ያንን ጫፍ ያዢ።»

ተማሪዎቹ ምሰሶ ተሸከሙ፣ ሲላስ ሸራውን ጎተተ፣ ፖሊሱ ሳይቀር ካስማ መታ። ነጩ ድንኳን ሜዳው መካከል ተነፍቶ ሲቆም የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አቧራው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመሩ። ወንበሮቹ ገቡ፤ ልጆቹ ተቀመጡ። አቶ ማቴዎስ ድንኳኑን ከላይ እስከ ታች አዩና «ይህ የለቅሶ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«የለቅሶ ነው» አለች ማራኪ። «ግን አያፈስም።»

ሦስት ሰዓት ሆነ። ማኅተሙን ቆረጡት።

ልጆቹ ስማቸውን ጽፈው ሳይጨርሱ ከታችኛው ሰፈር አንድ ዋይታ ተነሳ። ከዚያ ከላይኛው ሌላ። ማራኪ ድንኳኑን ገልጣ ብትወጣ ጎሮቤ በሙሉ እየመጣ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ፕላስቲክ ተከናንበው፣ ቅድም በደስታ ድስት ያወጡት ሁሉ ደረታቸውን እየደቁ ይጎርፋሉ። ከፊት ሐዳሳ ናት። የተንዠረገገ ጸጉሯ ርሶ፣ «ወዮ! ወዮ! ማን ልጅ ነው?» እያለች ትሮጣለች። ልጇ ሊድያ ዛሬ ትፈተናለች፤ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የለቅሶ ድንኳን ያየች እናት ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች?

ከውስጥ አቶ ማቴዎስ «ዝምታ! ፈተና ነው!» ብለው ጮኹ። ማን ሊሰማቸው! ማራኪ ሮጣ ሐዳሳን በሁለት እጇ አቀፈቻት፤ አፏን በትከሻዋ አፈነችው።

«ማንም አልሞተም፣ ሐዳሳ። ሊድያ ደህና ናት። እየተፈተነች ነው።»

«ድንኳኑስ?»

«የእናቴ ነው።»

«ካሳነሽማ ከሞተች ቆየች!»

«ቆየች። ድንኳኗን ግን ዛሬ ነው የጣሉልኝ። አሁን ዝናቡ ሊለቀው ነው፤ ገመድሽን ያዢልኝ።»

ሐዳሳ ፊቷን ጠረገች። ድንኳኑን አየች፣ ደመናውን አየች፤ ማንም ምንም ማብራራት አላስፈለጋትም። እዚያ ሾላ ስር የነበረች ሰው ናት። ዞር ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለሕዝቡ ምልክት ሰጠች። ዋይታው መሃሉ ላይ ተቆረጠ። ሰው እየተጎሻሸመ፣ በጆሮ እየተንሾካሾከ፣ እንደ ልማዱ በየገመዱ ተሰለፈ። ጋሼ ገብርኤልም ከዘራቸውን ጥለው የቤታቸውን ገመድ ያዙ። ባለቤታቸው ከጎናቸው ቆመው «ለሰርግ አይሆንም ነበር፣ አይደል?» አሏቸው። ጋሼ አልሰማም ብለው ወደ ሰማይ አዩ።

ከዚያ ዝናቡ ለቀቀው።

እኔ ነኝ ያለ የሆሳዕና ክረምት እንኳ እንዲህ አይዘንብም። በረሃ ላይ ሲመጣ የከረመበትን ሁሉ ባንዴ ነው የሚያወርደው። ነፋሱ ሸራውን ከስሩ እያነሳ ሊወስደው ይታገላል፤ ሰዉ ደግሞ አይለቅም። ካስማ ተነቀለ፤ አንዱ ጎረምሳ ጭቃው ውስጥ ወድቆ በሆዱ ተኛበት። ሕፃን ያዘለች ሴት በአንድ እጇ ልጇን፣ በአንድ እጇ ገመዷን ይዛለች። የሚናገር የለም። ለቅሶ ላይ እንኳ እንዲህ ዝም ብለው አያውቁም።

ማራኪ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች። ሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጆሮ ያደነቁራል፤ ልጆቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ሊድያ የእርሳሷን ጫፍ ትነክሳለች፣ ትጽፋለች፣ ተመልሳ ታየዋለች። ድንገት አንድ ትልቅ ነፋስ መጣና መሃል ምሰሶው ዘመመ። አቶ ማቴዎስ ሱፋቸውን ረስተው ትከሻቸውን አስደገፉት፤ እዚያው እንደተጣበቁ ሰዓታቸውን እያዩ «ግማሽ ሰዓት ቀርቷችኋል፣ ተረጋጉ» አሉ። በሐዳሳ በኩል ያለው ገመድ ግን ተለጥጦ ሴትዮዋን ጎትቶ መሬት ላይ ጣላት። ልትነሳ አልሞከረችም። እዚያው ጭቃው ውስጥ ተቀመጠችና ገመዱን ወገቧ ላይ ሁለቴ ጠመጠመችው፤ እግሯን ድንጋይ ላይ ረግጣ ወደ ኋላ ተንጋለለች። ሸራው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማራኪ ሄዳ ከኋላዋ ተቀመጠች፤ ወገቧን አቅፋ አብራት ጎተተች። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር፤ በዝናቡ ምክንያት ማንም አላወቀባቸውም።

«ጨርሳ ይሆን?» አለች ሐዳሳ ከጥርሷ መካከል።

«ትጨርሳለች።»

«እኔ እኮ ጨርሼ ነበር፣ ማራኪ።»

«አውቃለሁ። አይቻለሁ።»

ዝናቡ ሳይቆም ሰዓቱ አለቀ። አቶ ማቴዎስ ወረቀቶቹን ሰበሰቡ፣ አንድ በአንድ ገለጡ፣ ከረጢቱን እንደገና አሸጉ። ከዚያ ከድንኳኑ ወጡ። ክራቫታቸው ጀርባቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያ ሱፍ ደግሞ ከእንግዲህ ሱፍ አይባልም። በሕዝቡ ፊት ቆመው ምን እንደሚሉ ትንሽ ጨነቃቸው።

«ደረቅ ነው» አሉ። «አንድም የረጠበ የለም። የቀሩትን ትምህርቶች ወንዙ ሲጎድል ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንፈትናለን። ጣቢያው ጣቢያ ነው።»

ልጆቹ ተከትለዋቸው ወጡ። ሊድያ እናቷን ጭቃ ውስጥ በገመድ ታስራ ስታያት ደነገጠች። «እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ። ሁለቴ አየሁት።»

በጎሮቤ ልማድ ድንኳን ከመነሳቱ በፊት ዳኛው የሟቹን ስም ጠርተው ያሰናብታሉ፤ ሴቶቹም ለመጨረሻ ጊዜ ያለቅሳሉ። ጋሼ ገብርኤል ደንብ የሚዘልሉ ሰው አይደሉም። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ውሃው በራሳቸው ላይ እየወረደ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙ።

«ካሳነሽ» አሉ። «ዘግይተናል፤ ይቅር በይን። ልጅሽን ዳገቱን ያወጣሽ ጊዜ ብቻሽን ነበርሽ። ዛሬ ጎሮቤ በሙሉ ገመድሽን ይዟል። በሰላም ሂጂ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው እንደ ደንቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልቅሱ ማለታቸው ነው።

ማንም አላለቀሰም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሐዳሳ ገመዱን ከወገቧ ፈታች፣ ከጭቃው ተነሳች፣ ልጇን በአንድ እጇ ማራኪን በአንድ እጇ ይዛ ቀና አለች። አፏን ስትከፍት የወጣው እልልታ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወንዙ ማዶ የሚሰማ እልልታ።

የለቅሶ ድንኳን ስር እልል የተባለበት ዘመን የለም። ዓይን ሁሉ ዳኛው ላይ ሆነ።

ጋሼ ገብርኤል መጀመሪያ ሐዳሳን፣ ከዚያ ባለቤታቸውን፣ ከዚያ ደረቁን ከረጢት አዩ። ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ዝናቡ ነው መሰለኝ፣ በደንብ አልሰማሁሽም» አሉ። «ድገሚው።»